ወይ ቅረብ፣ ወይ ራቅ

ለዚህች ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ባለፈው ሴሚስተር በባህል ስፖርት ክፍለ ጊዜያችን የተነሳ አጭር ክርክር ነው። መምህራችን ስለ ገና ጨዋታ ቴክኒክ እንድንወያይ ሲጠይቁን አንድ ጓደኛችን እጁን አወጣና "የገና ጨዋታ ደግሞ ምን ቴክኒክ አለው? ጉልበት ያለው ይለጋል፣ የሌለው ይሸሻል" አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ምክንያቱም ይህንኑ አባባል በገዛ እጄ ሞክሬ ውጤቱን አይቼዋለሁ። ውጤቱም የአጎቴ ልጅ ክንድ ነበር።

ውድ አንባብያን፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ። ያደግሁት ሲሪንቃ ነው። ለማታውቋት፣ ሲሪንቃ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። ብዙ ሰው ስሟን የሚያውቀው በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። እኛ ልጆቿ ግን ታኅሣሥ ሲመጣ የምናስበው ስለ ምርምር ሳይሆን ስለ ሜዳው ነው። ማሽላውና ጤፉ ከታጨደ በኋላ ማሳው ባዶ ይሆናል። አፈሩ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ የአገዳው ጉቶ እዚህም እዚያም ቀርቶ ይታያል። የገና ሜዳችን ይኸው ነው። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ተብሎ ይከፈላል፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቆልማማ ዱላውን ይዞ ይወጣል።

ጨዋታውን ሁላችሁም ስለምታውቁት አላረዝመውም። በእንጨት የተቀረጸች ወይም በጠፍር የተጎነጎነች ኳስ አለች። በየአገሩ ሩር፣ እሩር ወይም ጥንግ ትባላለች፣ እኔ ጥንግ እላታለሁ። ሁለቱ ወገኖች በዱላቸው እየለጉ ከተቃራኒው ወሰን ለማሳለፍ ይታገላሉ። በእኛ ሰፈር ጨዋታው ሲጀመር አንድ ሽማግሌ መሀል ሜዳ ቆመው ጥንጓን ወደ ላይ ይወረውሯታል። ከዚያ በኋላ የጎበዝ ያለህ ነው።

የ2015 ዓ.ም. ገና ለእኛ የተለየ ነበር። ያለፈው የ2014 ገና የመጣው ጦርነቱ ከወልድያና ከአካባቢዋ በወጣ በሳምንታት ውስጥ ነበርና ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ጨዋታ ሳይሆን ስለ ጠፋው ነገር ነበር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ግን የመጣው ገና ሰው ተንፍሶ ያከበረው ገና ሆነ። ሜዳው ሞላ። እናቶች ሳይቀሩ ዳር ቆመው ያዩ ነበር። እኔም ኮሌጅ ገብቼ ስፖርት ሳይንስ የማጠና ልጅ ነኝና የታች ሰፈር ልጆች "አንተ ፊት ቁም" አሉኝ። ቆምኩ።

ሽማግሌው ጥንጓን ወረወሯት። መሬት ስትነካ እንደ እንዝርት እየሾረች ነበር። ከእኔ ሦስት አራት እርምጃ ስትቀር ስንጥቁ አፈር ላይ ነጠረች። እኔ የቆምኩት እዚያው መሀል ነው። አልቀረብኳትም፣ አልሸሸኋትም። ሰው ሁሉ እያየኝ ስለነበር የመጀመሪያዋን ምት አርቄ ልለጋት ፈለግሁ። ዱላዬን ከትከሻዬ በላይ አነሳሁና ባለኝ ኃይል ወረድኩባት። ጥንጓ ግን ወደ ግራ ታጠፈች። ዱላዬ እሷን ስቶ፣ ከላይ ሰፈር ወገን ዝቅ ብሎ ሊቀበላት የቀረበውን የአጎቴን ልጅ ክንድ አገኘ። የአጥንቱ ድምፅ ዳር ድረስ ተሰማ።

ጨዋታው ቆመ። አክስቴ እየሮጠች መጣች። አልተሳደበችም። "ምነው ልጄ፣ ኮሌጅ ገብተህ የተማርከው ይሄንን ነው?" ብቻ አለችኝ። እስከ ዛሬ ከዚህ የከበደ ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

ማታ ላይ ጥንጓን የወረወሩትን ሽማግሌ ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ "አያ" ነው የሚላቸው።

"አጠፋሁ አያ" አልኳቸው።

"ጥንጓ ወዴት እንደምትሄድ ሳትነግርህ ምን አስቸኮለህ?" አሉኝ።

"የመጀመሪያዋ ስለሆነች ነው አያ። ርቃ እንድትሄድ ፈልጌ።"

"ስማ ልጄ። ወይ ትቀርባታለህ፣ ወይ ትርቃታለህ። መሀል ቆሞ ዱላ የሚያነሳ ሰው ጥንግ አይደለም የሚመታው፣ ሰው ነው የሚመታው።"

ያን ጊዜ ነገሩን እንደ ሽማግሌ ተግሣጽ ብቻ ነበር የቆጠርኩት። ትክክለኛ የስፖርት ሳይንስ መሆኑ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። እሱም ከማልጠብቀው ቦታ መጣ።

ኮሌጅ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ህንዳዊ መምህራችን ስለ እንቅስቃሴ ትምህርት ሲያስተምሩን የአገራቸውን ጨዋታ ክሪኬትን እንደ ምሳሌ አነሱ። ክሪኬት በአገራችን ብዙም አይታወቅምና በአጭሩ ልግለጸው። ወርዋሪው ከሃያ ሜትር ገደማ ርቀት ኳሷን አንዴ መሬት እያነጠረ ይልካል። መቺው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች እየጠበቀ በጠፍጣፋ ዱላ ይመታል። ኳሷ እንጨቶቹን ከነካች ወይም የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተያዘች ይወጣል፣ በዚያ ዙር ሁለተኛ ዕድል የለውም። ወርዋሪዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ በፍጥነት፣ ሌላው ኳሷን በጣቱ ወይም በአንጓው እያሾረ የሚወረውር ነው።

መምህራችን "ለጀማሪ መቺ የትኛው ይከብዳል?" ብለው ጠየቁን። ሁላችንም "ፈጣኑ" አልን። እሳቸው ሰሌዳው ላይ ሒሳቡን ሠሩልን። በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር የሚወረወር ኳስ መቺው ጋ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። የሚያሾረው ወርዋሪ ኳስ ግን በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚመጣ ወደ 0.8 ሰከንድ ይወስዳል። እና ቀላል ይመስላል። ወጥመዱም እዚህ ላይ ነው። ትርፍ ጊዜ ያገኘ ሰው ትርፍ ጉልበት ያስባል። ኳሷን አየኋት ብሎ ዱላውን ያነሳል፣ ኳሷ ግን ዋና ነገሯን ገና አልተናገረችም። የምትሾር ኳስ ወዴት እንደምትታጠፍ የሚታወቀው መሬት ከነካች በኋላ ነው። መሬቱ በሰበቃ ይይዛትና መሾሯን ወደ ጎን ጉዞ ይለውጠዋል። መሬቱ ደረቅና ሻካራ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል።

አሁን ሒሳቡን ተከተሉኝ፣ የጽሑፌ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ኳሷ መሬት ነክታ 5 ዲግሪ ታጠፈች እንበል፣ ከነጠረች በኋላም በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች እንበል። የክሪኬት ዱላ ስፋት በሕጉ ከ10.8 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። መቺው ወደፊት ተራምዶ ከነጠረችበት ቦታ ግማሽ ሜትር ላይ ቢያገኛት፣ ኳሷ ወደ ጎን የሄደችው 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዱላው ይሸፍናታል። ወደኋላ ሸሽቶ 4 ሜትር ላይ ቢጠብቃት ደግሞ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ትታጠፋለች፣ ግን ከነጠረች በኋላ ወደ 0.24 ሰከንድ ያገኛል። ሰው ላየው ነገር ምላሽ ለመስጠት 0.2 ሰከንድ ገደማ እንደሚያስፈልገው ተምረናል። ስለዚህ አይቶ ማስተካከል ይችላል። 2 ሜትር ላይ ቢቆምስ? ኳሷ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ታጥፋለታለች፣ ማለትም ከዱላው ጠርዝ ወጥታለች። ያለው ጊዜ ደግሞ 0.12 ሰከንድ ብቻ ነው። ዱላው አይሸፍናትም፣ ዓይኑም አይደርስባትም። ከሦስቱ ሁሉ የከፋው ቦታ መሀል ነው ማለት ነው።

መምህራችን "ፊት ወይም ኋላ፣ መሀል የለም" ሲሉ እኔ እጄ ላይ የያዝኩት እስክሪብቶ ወደቀ። የአያ ቃል ነበር። ቃል በቃል።

መምህራችን ሁለት ታሪክ ነገሩን፣ ሁለቱም በክሪኬት ዓለም የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በሰኔ 4 ቀን 1993 ማንቸስተር ኦልድ ትራፎርድ የሆነ ነው። የማንቸስተር ዩናይትድን ስታዲየም ማለቴ አይደለም፣ ከዚያ ብዙም የማይርቅ በተመሳሳይ ስም የሚጠራ የክሪኬት ሜዳ ነው። የአውስትራሊያው ሼን ዋርን በእንግሊዝ ምድር በዚያ ታላቅ ፉክክር የመጀመሪያ ኳሱን ወረወረ። ልምድ ያለው እንግሊዛዊ መቺ ማይክ ጋቲንግ ገና 4 ነጥብ ነበረው። ኳሷ ከእግሩ ውጪ ነጥራ፣ በዱላው አጠገብ ታጥፋ፣ በወዲያኛው በኩል ያለውን እንጨት ነካች። ጋቲንግ ምን እንደሆነ ሳይገባው መሬቱን እያየ ቆሞ ቀረ። ያ ሰው ጀማሪ አልነበረም። በዚያ ቀን፣ በዚያ መሬት፣ ለዚያ ወርዋሪ ግን ጀማሪ ነበር። ሁላችንም በየጨዋታው መጀመሪያ ላይ ጀማሪ ነን፣ ምክንያቱም የዕለቱን መሬት ገና አናውቀውም።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1998 በህንድ ቼናይ የሆነ ነው። ሳቺን ቴንዱልካር ከዚሁ ከዋርን ጋር ከመገናኘቱ በፊት የቀድሞውን ወርዋሪ ላክሽማን ሲቫራማክሪሽናንን ለምኖ፣ ሻካራ መሬት ላይ እያነጠረ እንዲወረውርለት አድርጎ ተለማመደ። ታዲያ ይህን ሁሉ ተዘጋጅቶ በመጀመሪያው ዙር ምን ሆነ? ገና 4 ነጥብ እንዳለው ዋርንን ሊያጠቃ ወጣ፣ ኳሷ የዱላውን ጠርዝ ነክታ ማርክ ቴይለር እጅ ገባች። በሁለተኛው ዙር ግን ሳይወጣ 155 ነጥብ አስቆጠረ። ህንድም በ179 ነጥብ ልዩነት አሸነፈች። ልብ በሉ፣ በሁለተኛው ዙርም ፈሪ አልሆነም፣ ዋርንን አጥቅቷል። ለእኔ የገባኝ ትምህርት "አትምታ" የሚል ሳይሆን "ቦታህን ሳትመርጥ አትምታ" የሚል ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቼ የሚያነሱትን ተቃውሞ ሳልመልስ ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል።

አንደኛው "ክሪኬት ሌላ፣ ገና ሌላ" የሚል ነው። ልክ ነው፣ ይለያያሉ። በክሪኬት ከመቺው ፊት አንድ ወርዋሪ ነው ያለው፣ በገና ላይ ሃያ ሰው ሊኖር ይችላል። ጥንጓ በእጅ የተቀረጸች ስለሆነች ሙሉ ክብ አትሆንም፣ መሬቱም የተዘጋጀ ሳይሆን የታጨደ ማሳ ነው። ይህ ልዩነት ግን የእኔን ሐሳብ ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ጥንጓ ከክሪኬት ኳስ ይልቅ የማትታመን ከሆነች፣ በዙሪያዋ ደግሞ የሰው አካል ካለ፣ መሀል ቆሞ በጭፍን የመልጋት ዋጋ ይበልጣል። በክሪኬት የተሳሳተ መቺ ራሱ ይወጣል። በገና የተሳሳተ ሰው ሌላውን ነው የሚያወጣው።

ሁለተኛው "ዝም ብለህ ከጠበቅህ ተቃራኒው ቀድሞ ይለጋታል" የሚል ነው። ይህ ጠንካራ ተቃውሞ ነው፣ በክሪኬትም አለ። ለምትሾር ኳስ ዱላውን እየዘረጋ ብቻ የሚከላከል መቺ ዙሪያውን በተቃራኒ ተጫዋቾች ይከበባል። ስለዚህ እኔ ጠብቁ አላልኩም። ቅረቡ ወይም ራቁ ነው ያልኩት፣ ሁለቱም እግር ይፈልጋሉ። የሚቀርብ ሰው ዱላውን ዝቅ አድርጎ ጥንጓ ሳትታጠፍ ያፍናታል፣ ከዚያ ለጓደኛው ይሰጣታል። የሚርቅ ሰው ኃይሏ እስኪበርድ አይቶ ከዚያ ይለጋታል። ቆሞ የሚቀረው መሀል ያለው ነው። በዚያ ቀን ሜዳው ላይ ትክክለኛውን ነገር ያደረገው ዝቅ ብሎ የቀረበው የአጎቴ ልጅ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ የተሰበረው እሱ ነው። ነገሩን የሚያከብድብኝም ይኸው ነው።

ሦስተኛው "አንተ ገናን ሆኪ ልታደርገው ነው፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለም ወይ?" የሚል ነው። አባባሉን እኔም እወደዋለሁ። በዚያች ቀን ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ እኩል ይሆናሉ ማለት ነው። ግን አባባሉ የተነገረው ትልቁ በትንሹ እንዳይቆጣ እንጂ፣ ያልተጠነቀቀ ሰው ከተጠያቂነት እንዲያመልጥ አይመስለኝም። አክስቴ አልተቆጣችም። አለመቆጣቷ እኔን ነጻ አላወጣኝም።

እና ምን ይደረግ? ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በዲፓርትመንታችን የገና ጨዋታ ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ የምንማረው ታሪኩን፣ ሕጉንና አለጋጉን ነው። የመጀመሪያው የተግባር ትምህርት ግን መልጋት ሳይሆን መቀበል ቢሆን ይሻላል። ዱላ ከጉልበት በላይ ሳይነሳ፣ ሻካራ መሬት ላይ የምትሾር ጥንግ ወደ ተማሪው ትላካለች። ተማሪው መሬት ሳትነካ በፊት "ቅርብ" ወይም "ሩቅ" ብሎ ጮክ ብሎ ይወስናል፣ እግሩንም ያንቀሳቅሳል። መጮሁ የሚያስቅ ሊመስል ይችላል። ግን ውሳኔው ከኳሷ ንጥረት በፊት መሆን አለመሆኑን መምህሩ የሚያውቀው በዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ምዘናው ይስተካከል። እስካሁን በተግባር ፈተና ከፍተኛ ማርክ የምናገኘው ጥንጓን አርቀን ስንለጋ ነው። ተማሪ ደግሞ የሚለካበትን ነገር ነው የሚለማመደው። እኔም ሲሪንቃ ሜዳ ላይ ያደረግሁት የተለማመድኩትን ነው። ከማርኩ ግማሹ ለአቀባበል ቢሰጥ፣ ጉልበተኛ ያልሆኑ ተማሪዎችም፣ በተለይ "ይሄ የወንድ ጨዋታ ነው" ተብለው ዳር የሚቆሙ እህቶቻችን፣ የሚገባቸውን ቦታ ያገኛሉ።

ሦስተኛ፣ ወደየቀያችን ስንሄድ ይህን ይዘን እንሂድ። ገና በኢትዮጵያ የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ከሚመሩት ጨዋታዎች አንዱ ነው፣ ሕግና ዳኛም አለው። የገጠሩ ሜዳ ግን ዳኛው ሽማግሌ ነው፣ ሕጉም የሽማግሌው ቃል ነው። ሽማግሌዎቹን "በጨዋታው መጀመሪያ ሩብ ሰዓት ዱላ ከወገብ በላይ እንዳይነሳ ይዘዙልን" ብለን ብንጠይቃቸው እምቢ አይሉም። ሩብ ሰዓት ብዙ አይደለም። ዓይን መሬቱን ይለምዳል፣ እግር ይሞቃል፣ የመጀመሪያዋን ምት ለመልጋት የሚያሯሩጠን የጉራ ስሜትም ይበርዳል። ከዚያ በኋላ ጨዋታው የጥንቱ ገና ይሁን።

ለጓደኛዬ የምመልሰው እንግዲህ ይህንን ነው፦ ገና ቴክኒክ አለው። ቴክኒኩ ከጉልበት በፊት የሚመጣ አንድ እርምጃ ነው፣ ወደፊት ወይም ወደኋላ። ይህን ከመጽሐፍ ቀድሞ የነገሩኝ ክፍል ገብተው የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው። የእኛ ዲፓርትመንት ሥራ እንዲህ ያለውን እውቀት ሰብስቦ፣ ለክቶ፣ መልሶ ለባለቤቶቹ መስጠት ይመስለኛል።

የአጎቴ ልጅ ክንድ ከሁለት ወር በላይ ታስሮ ቆይቶ ድኗል። አሁን ውኃ ይቀዳል፣ ያርሳል፣ ሁሉን ይሠራል። የገና ዱላ ግን ከዚያ ወዲህ አልያዘም። "ይቅር ብዬሃለሁ" ይለኛል፣ አምነዋለሁም። ሆኖም ሜዳው ዳር ቆሞ ሲያይ ሳየው ይቅርታው እንዳልጨረሰልኝ ይሰማኛል። ለሚቀጥለው እረፍት አገር ቤት ስገባ አንድ ጥንግ ይዤ እሄዳለሁ። ዱላ አላነሳም። ቀስ አድርጌ አንከባልልለታለሁ፣ እሱ ይቅረባት ወይም ይራቃት። ምርጫው የእሱ ነው።

ቸር እንሰንብት።